ተረት ተረት፣ የሳይንስ በረት

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ነው የሰጠሁት። አራት ልሰጠው ነበር፤ የጋሊሊዮ ካርድ አናደደኝና ግማሿን መልሼ ወሰድኳት። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ዕቃው የካርድ ጨዋታ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ፊት ላይ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ሆነ የተባለ አንድ ነገር በአምስት በስድስት መስመር ተጽፏል። አንዱ ያነባል። የአሸዋ ሰዓቷ ሳታልቅ ሁሉም ይፈርዳል፤ ነገሩ በእርግጥ የሆነ ነው ወይስ የጨዋታው አዘጋጆች ቁጭ ብለው ያቀነባበሩት? ካርዱ ሲገለበጥ መልሱ ከነማብራሪያው ጀርባው ላይ አለ። በቃ። የሕጉ ወረቀት አራት ገጽ ነው፣ ማናችንም አላነበብነውም፣ ምንም አልጎደለብንም።

የተጫወትነው አራት ሆነን ነው፦ እኔ፣ እህቴ፣ ፊዚክስ የሚያስተምረው ባሏ እና የ12 ዓመት ልጃቸው። ካርዶቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እኔ አነባለሁ፣ እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ጀርባውን ሳላይ እኔም እፈርዳለሁ።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በአንድ ቃል ተነሳ። እውነት ያልሆነውን ካርድ «ፈጠራ» አልኩት። አንድ ካርድ እንዳነበብኩ የእህቴ ባል ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ፈጠራ ነው! ያውም ትልቅ ፈጠራ!» አለ። ገለበጥኩት፤ እውነት ይላል። ነጥብ የለህም ስለው «እንዴ! ፈጠራ ነው አልኩሽ እኮ፣ ሰውየው ራሱ የፈጠረው መሣሪያ ነው» ብሎ ክርክር ገጠመኝ። እውነቱን ነው። አዲስ ዕቃ የሠራውም፣ ከሜዳ ተነስቶ ያወራውም በእኛ ቋንቋ ያው «ፈጠራ» ነው የሠራው። ሃያ ደቂቃ በዚህ አለቀ። በመጨረሻ ልጅቷ «ተረት እንበለውና እንገላገል» አለች። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ውሸት ነው ብሎ ያመነ «ተረት ተረት!» ብሎ ይጮሃል፣ የተስማማ «የላም በረት!» ብሎ ይመልስለታል፣ ያልተስማማ ዝም ይላል። ይህ በሕጉ ወረቀት ላይ የለም (አላነበብነውም እንጂ እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ)፤ ግን ካልጨመራችሁት የጨዋታው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስት ካርድ ላውራላችሁ፣ እናንተም ሞክሩት። አንድ ጣሊያናዊ ቄስ ለወንድ እንቁራሪቶች ሱሪ ሰፋላቸው። አንድ የፊዚክስ ተመራማሪ ድመቱን የሳይንስ ጽሑፉ ተባባሪ ጸሐፊ አደረገው። ቻርለስ ዳርዊን የምድር ትሎች ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ልጁ የሙዚቃ መሣሪያ እንዲነፋላቸው፣ ሚስቱ ደግሞ ፒያኖ እንድትጫወትላቸው አደረገ።

ሦስቱም እውነት ናቸው።

ቄሱ ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነው፣ ዘመኑ 18ኛው ክፍለ ዘመን። ሱሪ የለበሱት ወንዶች ከሴቶቹ ጋር ሲገናኙ እንቁላሎቹ ማደግ አቃታቸው። ሱሪው ላይ የቀረውን ጠብታ ወስዶ ሌላ እንቁላል ላይ ሲያደርገው ግን ማደግ ጀመረ። ለመፀነስ የወንዱ ዘር እንቁላሉን በእርግጥ መንካት እንዳለበት ያሳየው በዚህ በተሰፋ ሱሪ ነው። የዳርዊን ትሎች ደግሞ ለሙዚቃው ደንታ አልነበራቸውም። የተቀመጡበት ማሰሮ ፒያኖው ላይ ሆኖ ቁልፉ ሲመታ ግን ንዝረቱ ደረሳቸውና ጉድጓዳቸው ገቡ። ሰውየው ይህን ሁሉ በ1881 በታተመው ስለ ትሎች በጻፈው መጽሐፍ ላይ ያለ ምንም ሳቅ አስፍሮታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ደጋግሜ አልጽፈውም።)

የድመቱ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጃክ ሄተሪንግተን የሚባል አሜሪካዊ በ1975 ጽሑፉን ብቻውን ጽፎ ከዳር እስከ ዳር «እኛ» ይላል። ባልደረባው አይቶ መጽሔቱ ይህን አይቀበልህም አለው። ጽሑፉ በታይፕ የተመታ ነው፤ «እኛ»ን ሁሉ «እኔ» ለማድረግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ መምታት ሊኖርበት ነው። ታከተው። ስለዚህ ቼስተር የሚባለውን ድመቱን ኤፍ ዲ ሲ ዊላርድ የሚል የተከበረ ስም አውጥቶለት ሁለተኛ ጸሐፊ አደረገው፤ ጽሑፉ በታወቀ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ታተመ። በኋላም አንዳንድ ቅጂዎች ላይ የድመቱ መዳፍ እንደ ፊርማ አረፈባቸው። የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ምን እያሰበ እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ተረቶቹም ዝም ብለው የተጻፉ አይደሉም፣ ይህን ለአዘጋጆቹ አልነፍጋቸውም። አንዱ ስለ ድምፅ ተመራማሪ ነው። ተራራ ሥር ቆሞ ይጮሃል፣ ማሚቶው ሳይመለስ ይቀራል፣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል፤ በዓመቱ ሲመለስ ገና አፉን ሳይከፍት ተራራው የአምናውን ይመልስለታል። ሌላው ዜሮ ሳይታወቅ በፊት ስለነበረ ነጋዴ ነው። ባዶ ጎተራውን ቆጥሮ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እነዚህ ውሸት መሆናቸው ግልጽ ነው፣ ቢሆንም ሰው ደስ ብሎት ነው የሚሸነፍባቸው። ተንኮለኞቹ ከእውነተኛ ሰው ጋር የተለጠፉት ናቸው። ለዕፅዋትና ለእንስሳት የላቲን ስም እያወጣ የመደባቸው ስዊድናዊው ሊኒየስ የሰውን እንቅልፍ በዓይነት በዓይነቱ ከፍሎ ለማንኮራፋት ብቻ አራት የላቲን ስም አወጣ የሚል ካርድ አለ። ተረት ነው። በዚያው ሳጥን ውስጥ ሊኒየስ አበቦች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ሰዓት ተከታትሎ የአበባ ሰዓት አሰበ የሚል አለ፤ ይሄኛው እውነት። ሴልሺየስ በ1742 ያወጣው የሙቀት መለኪያ ውሃ የሚፈላበትን ዜሮ፣ በረዶ የሚሆንበትን 100 ይል ነበር የሚለውስ? እውነት። የተገለበጠው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችን በዚህ ካርድ ነጥብ ጥሏል፤ ስሙን ስላልጠራሁ እንዳይቀየመኝ።

በሦስተኛው ምሽት አንድ ነገር ሆነ። ልጅቷ ዘጠኝ ካርድ በተከታታይ አገኘች። አታስብም፣ አትጨነቅም፤ ገና ማንበብ ስጀምር «እውነት» ትላለች፣ ወይ «ተረት ተረት!» ትላለች። እኛ ገና ዓረፍተ ነገሩ አላለቀልንም።

«ቆይ አንቺ፣ መልሱን አይተሻል እንዴ?» አላት አባቷ።

«አላየሁም አባዬ። ዓመት ካለው እውነት ነው፣ ከሌለው ተረት ነው።»

ሳጥኑን ዘረገፍኩት። ልክ ናት። እውነተኞቹ ካርዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፊታቸው ላይ ዓመት ወይም ክፍለ ዘመን አላቸው። የተፈጠሩት «አንድ ጊዜ»፣ «በድሮ ዘመን» እያሉ ነው የሚጀምሩት። ይህን ያህል የተለፋበት ጨዋታ በዚህ መሸነፉ ያሳፍራል። አዘጋጆቹ ውሸታቸው ላይ የሐሰት ዓመት መጻፍ ከብዷቸው ይሆናል፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው መሰለኝ፣ ግን ጨዋነታቸው ጨዋታውን ገደለው። ከዚያ ምሽት በኋላ ዓመቱን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ማንበብ ጀመርኩ። የምትገዙ ካላችሁ ከመጀመሪያው እንዲህ አድርጉ።

የልጅቷ ዘዴ ሲዘጋ እኔ የራሴን አወጣሁ። ለዚህ ምክንያት የሆነኝ አንድ ካርድ ነው፤ የሳጥኑ ምርጥ ካርድ የምለው።

ለ ዣንቲ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በ1760 ከአገሩ ይወጣል። ፕላኔቷ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ሊመዘግብ ነው። ይህ ነገር በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለቴ ይታይና ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ይጠፋል። ከተለያየ የምድር ጫፍ ሆነው ሰዓቱን በትክክል ቢለኩት ፀሐይ ምን ያህል እንደምትርቅ ይሰላል፤ ለዚህ ነው በየአቅጣጫው ሰው የተላከው። የእሱ ድርሻ ሕንድ ውስጥ ያለችው ፖንዲቼሪ ናት። ከተማዋ የፈረንሳይ ነበረች፤ ሳይደርስባት እንግሊዞች ያዟት። ጁን 1761 ቬነስ ስታልፍ ሰውየው መርከብ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሁሉም ነገር ይታያል፤ መርከቡ ግን ይወዛወዛል፣ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ደግሞ የሚረባ ልኬት አይወሰድም። አየ። መለካት አልቻለም።

ወደ አገሩ አልተመለሰም። ስምንት ዓመት እዚያው አካባቢ ቆየ። ማኒላ ሄዶ ነበር፣ ኋላ ፖንዲቼሪ ለፈረንሳይ ስትመለስ እሱም ወደዚያው መጣ፣ መመልከቻ ቤት ተሠራለት፣ ዕቃውን ተከለ፣ ጠበቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት ንጋቶች ጥርት ያሉ ነበሩ። ጁን 4 ቀን 1769፣ በዚያችው ጠዋት፣ ደመና መጣ። ቬነስ አልፋ እስክትጨርስ ሰማዩን ዘግቶ ቆየና ከዚያ ተገለጠ። ማኒላ ላይ ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በ1771 አገሩ ሲገባ ሞቷል ተብሎ፣ ወራሾቹ ንብረቱን ሊከፋፈሉ ተሰናድተው፣ በሳይንስ አካዳሚ የነበረው ወንበርም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀው።

አራታችንም «ተረት ተረት!» አልን። የሚመልስ እንኳ ጠፋ። ገለበጥኩት። እህቴ «ይሄ እውነት ከሆነ እኔ ዛሬ አልተኛም» አለች፤ ተነስታ ሄደች፣ ጨዋታውም እዚያ ላይ አበቃ።

ያን ሌሊት ሳስበው ነው ዘዴዬ የመጣልኝ። ይህን ታሪክ ሰው ቢያቀነባብረው ኖሮ መጨረሻ ላይ ደመናውን ለአንድ ደቂቃ ይከፍትለት ነበር። ተረት የሚጽፍ ሰው ይራራል። ተረቱ ላይ አንድ ጀግና አለ፣ አንድ ቀን አለ፣ አንድ «አሃ!» አለ፣ ከዚያ ያልቃል። የሆነው ነገር ግን የተንዛዛ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር አለበት፣ አንዳንዴ ስንፍና አለበት፣ ማለቂያው ላይ የሚያጨበጭብ የለም። ስለዚህ ካርዱ ካማረልኝ ተረት እላለሁ፣ ካፈርኩለት እውነት እላለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነጥብ አገኘሁበት።

ችግሩ፣ ሳጥኑ ሁለት መልስ ብቻ ነው የሚቀበለው። ብዙዎቹ ዝነኛ ታሪኮች ደግሞ ከሁለቱም አይደሉም። የኒውተንን ፖም ውሰዱ። ኒውተን በ1726፣ እርጅናው ላይ፣ ከወዳጁ ዊሊያም ስተክሊ ጋር በፖም ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሳለ ስለ ስበት ማሰብ የጀመረው እንዲህ ያለ ፖም ሲወድቅ አይቶ እንደሆነ አውርቶለታል። ስተክሊ ጽፎታል። ስለዚህ ፖሙ አለ። ጭንቅላቱን የመታው ፖም ግን የለም፣ እሱን ሰዎች ናቸው በኋላ የጨመሩት። ነገሩ ሆነ ከተባለበት ጊዜ እስከተወራበት ደግሞ ስድሳ ዓመት ገደማ አለፈ፤ ሰው በስድሳ ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ የሚያወራውን ታሪክ ስንቴ ያሳምረዋል? የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜድስ ከገንዳ ወጥቶ ራቁቱን ሮጠ የሚለውም የመጣልን ከእሱ ሞት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ከጻፈው ከሮማዊው ቪትሩቪየስ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ ጅራቱን የነከሰ እባብ በሕልሙ አይቶ የቤንዚንን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene የሚባለው የኬሚካል ውህድ) ቅርጽ አገኘ ይባላል፤ ሕልሙን በአደባባይ ያወራው በ1890 ነው፣ ቅርጹን ካሳተመ 25 ዓመት በኋላ። ታዲያ እነዚህን «እውነት» ልበል ወይስ «ተረት»? እኛ ቤት ሦስተኛ መልስ ጨምረናል፤ «ከአፍ ሲወጣ አድጓል» እንለዋለን። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው እትማቸው ቢወስዱት አልከሳቸውም።

አሁን ጋሊሊዮ። ካርዱ ጋሊሊዮ ፒዛ ካለው ዘማማ ግንብ ላይ ሁለት ክብደታቸው የተለያየ ኳስ ጣለ፣ እኩል አረፉ፣ ፕሮፌሰሮቹ አፈሩ ይላል። ጀርባው «እውነት» ይላል። ያለ ምንም ማመንታት! ታሪኩን የጻፈው ተማሪው ቪቪያኒ ነው፤ ጋሊሊዮ ራሱ በጻፋቸው ሥራዎች ውስጥ ይህን አደረግሁ አላለም፣ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎችም ይጠራጠሩታል። በእጁ የሠራው ሥራ ኳስን በዘመመ ሰሌዳ ላይ እያንከባለሉ ጊዜውን መለካት ነው፣ አሰልቺ፣ ደጋግሞ የሚሠራ ሥራ። አሰልቺው ጠፍቶ ግንቡ ቀረ። እውነትና ተረትን ለይቼ አስተምራችኋለሁ የሚል ሳጥን ራሱ ተረት ሲያወራ እንዴት አያናድድ? ካርዱ ላይ ቦታ ካነሳቸው በ1971 አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና ላባ አንድ ላይ እንደለቀቀ፣ ሁለቱም እኩል እንዳረፉ መጻፍ ይችሉ ነበር። እሱ በፊልም ተቀርጿል፤ ማንም ቪቪያኒን አይጠይቅም።

ካሳ የሚሆን ካርድ ግን አለ። በ1903 ብሎንድሎ የሚባል የተከበረ ፈረንሳዊ ፊዚክስ ተመራማሪ አዲስ ጨረር አገኘሁ አለ፤ በከተማው በናንሲ ስም «ኤን ጨረር» አለው። ሌሎች ተመራማሪዎችም አየነው አሉ። በ1904 ሮበርት ዉድ የሚባል አሜሪካዊ ሊያይ ሄደ። ሙከራው በጨለማ ነው የሚሠራው። ዉድ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ እጁን ልኮ ጨረሩን ይበትናል የተባለውን የአሉሚኒየም ፕሪዝም ከመሣሪያው ላይ አነሳው። ብሎንድሎ ግን የሌለ ጨረር ልኬት ማንበቡን ቀጠለ። ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም፣ ማየት የፈለገውን ነው ያየው። ይህ ካርድ ለእኔ የሳጥኑን ዋጋ መልሷል፤ ምክንያቱም ልጅቷ «እና ሌሎቹስ እንዴት አዩት?» ብላ ጠየቀች፣ አባቷም ያን ምሽት እውነተኛ አስተማሪ ሆነ፣ የመብራት ማብሪያውን እያጠፋ እያበራ አንድ ሰዓት አወራን።

አንድ ቅሬታ ልጨምር። የእኛ ድንቅነሽ ካርድ አላት። ኖቬምበር 24 ቀን 1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ መገኘቷ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋ፣ በዚያ ምሽት ድንኳን ውስጥ ይሰማ ከነበረ የቢትልስ ዘፈን «ሉሲ» መባሏ፣ ሁሉም አለ። «ድንቅነሽ» የሚለው ስም ግን የለም። አንድ ቃል ነው፣ ቦታ አይበላም። በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።

ሳጥኑ በአጠቃላይ ፊቱን ያዞረው ወደ አውሮፓና ወደ ጺማም ወንዶች ነው። ደግነቱ አሥር ባዶ ካርዶች አብረው ይመጣሉ፣ የራሳችሁን እንድትጽፉ። የመጀመሪያውን እኔ ጻፍኩ። ኤድሞን አልቢየስ፦ በ1841 በሬዩኒየን ደሴት በባርነት ያለ የ12 ዓመት ልጅ፣ የቫኒላን አበባ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ ማዳቀል የሚቻልበትን ቀላል መንገድ አገኘ። ዛሬም ቫኒላ በዚሁ ዘዴ በእጅ ይዳቀላል። አንድ ትልቅ ሰው ዘዴውን የራሱ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ልጁም አድጎ በድህነት ሞተ። ሳነበው እህቴና ባሏ «ተረት» አሉ፤ እንዴት የ12 ዓመት ልጅ? የ12 ዓመቷ ልጅ ግን ቀና ብላ አየቻቸውና «እውነት» አለች።

ስለ ዕቃው ጥራት ብዙ የምለው የለኝም። ካርዱ ወፍራም ነው፣ ጽሑፉ ትንሽ ደቀቅ ይላል፣ የአሸዋ ሰዓቷ መሐል ላይ እየተነከሰች ስለምትቆም መታ መታ ማድረግ ይፈልጋል። የሳጥኑ ክዳን በሁለተኛው ሳምንት ጥጉ ተቀደደ።

ባለፈው ምሽት ከባዶዎቹ አንዱ በእጅ ተጽፎ ክምሩ ውስጥ ተደባልቆ አገኘሁት። አውራ ጣቴን ረስቼ ዓመቱን ጭምር አነበብኩት። «በ1802 አንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጨረቃን ሲመለከት አስነጠሰው። ሌንሱ ላይ ያረፈችውን ጠብታ አዲስ ባሕር ናት ብሎ ስም አወጣላት። ባሕሯ 11 ዓመት በካርታው ላይ ቆየች፤ ያጠፋቻት ቴሌስኮፑን የምትወለውለው ሠራተኛ ናት።»

«እውነት!» አለ የእህቴ ባል። «እንዲያውም የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ።»

እኔም አሰብኩ። ያሳፍራል፣ ጀግና የለውም፣ ስንፍና አለበት። «እውነት» አልኩ።

እህቴ ካርዱን አሻግራ አየችና የልጇን የእጅ ጽሑፍ ለየችው። «ተረት ተረት!» አለች።

ልጅቷ ብቻዋን «የላም በረት!» ብላ መለሰችላት።